ቦታው ላይ ነው

ሰኔ 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የሰጡኝ የመሠረተ ትምህርት ፈተና ያለፍኩ ቀን ነው። ምን እንደምጽፍበት ሳላውቅ ሳጥን ውስጥ ከረመ። ዛሬ አወጣሁት፤ የማናግረው ሰው ስለሌለኝ ነው።

ፀጉሬ ከሸበተ ወዲያ "ሀ ሁ" ስል የሳቁብኝ ሁሉ አሁን ደጄ ይቆማሉ። ከወታደር ልጃቸው ወረቀት ይመጣና፣ "እማማ አዛለች፣ እስቲ ያንብቡልን።" አነብላቸዋለሁ። የሁሉም ልጅ ደህና ነው፣ የሁሉም ልጅ ናፍቋል። የኔ ልጅ ግን አይጽፍም። የሻው ሰሜን ግንባር ነው ያለው። ለፋሲካ ፈቃድ አግኝቶ መጣና ሳምንት ሰንብቶ ተመለሰ። ከወለድኳቸው ሁሉ አፈር ያልበላብኝ እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም ጦሩ ወሰደው።

ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና ሚስቱ ነን። አገሯ ፍላቂት ነው። እኔ አልመረጥኳትም። በላስታ ሴት የጠፋ ይመስል ገብስ አገር ድረስ ሄዶ አመጣት። ስትስቅ አፏን አትሸፍንም። ዛሬ ጠዋት ጓሮ ስታስመልስ ሰማኋት። አልጠየቅኳትም።

ሰኔ 26

ጠየቅኳት።

"የወር አበባሽ ከመቼ ወዲህ ነው የቀረው?"

"ከፋሲካ ወዲህ አላየሁም እማማ።"

"እስካሁን ምነው ዝም አልሽ?"

"እርስዎ አዋላጅ አይደሉ? ያውቁታል ብዬ ነው።"

እንዲህ ናት። መልስ አታጣም።

ለማንም እንዳትናገር አስጠነቀቅኳት። ሆዷ ሳይገፋ ወሬው ከወጣ ዓይን ያርፍበታል። በዚህ ገበሬ ማኅበር የተወለደ ሕፃን ሁሉ መጀመሪያ ያረፈው በኔ እጅ ላይ ነው። አምና መንግሥት ላሊበላ ሰብስቦ አሠለጠነን፤ ምላጭ፣ ክርና ሳሙና ያለበት ቦርሳ ሰጠን። እኔን ግን ያሠለጠነኝ እጄ ነው። የየሻው ልጅ መጣ ማለት ነው። የየሻው ልጅ። እሱ ባይ

ይህን አልጨርሰውም።

ሐምሌ 2፣ ቅዳሜ

ገበያ ውዬ መግባቴ ነው። ዝናብ። ቀኝ ጎኗን ይዛ አገኘኋት፤ ውሃ ቀድታ መመለሷ ነው። "የፍላቂት ሰው እንስራ ማዘል የት ያውቃል" አልኳት። አልመለሰችልኝም። ሁልጊዜ ትመልስልኝ ነበር። ደክሞኛል፣ ነገ አያታለሁ።

ሐምሌ 5፣ አቦ

አስተኝቼ ዳሰስኳት። ማህፀኗ ከአጥንቱ በላይ ብቅ ብሏል፤ ክብ፣ ለስላሳ፣ ብርቱካን የሚያክል። ቦታው ላይ ነው። ደም የለም። ሊወርድ ያሰበ ፅንስ ደም ያሳያል፤ ይኼ አላሳየም።

በቀኝ በኩል፣ ወደ ዳሌዋ ጠጋ ብሎ፣ ሌላ ትንሽ ነገር አለ። ስነካው ጮኸች።

"ምንድነው እማማ?"

"የነፋስ ቋጠሮ ነው። ልጅሽ ቦታው ላይ ነው።"

ሳቀች፤ አፏን ሳትሸፍን። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። እጄ አይዋሽም።

ሐምሌ 7፣ ሥላሴ

ጤና ጣቢያ ልሂድ ያለችው እሷ ናት። ደሜ ፈላ። ቤቷ አዋላጅ ተቀምጣ! ግን ሌሊቱን ስታቃስት አድራ ነበርና ይዣት ወጣሁ።

ጤና ረዳቱ አረጋ ገና ልጅ ነው፤ እሱንም ያዋለድኩት እኔ ነኝ። ሆዷን ነካ ነካ አደረገና ግንባሩን ቋጠረ።

"እማማ አዛለች፣ እኔን ያሰጋኝ ፅንሱ ከማህፀን ውጪ እንዳይሆን ነው። ማህፀን ሳይደርስ ቱቦው ላይ የሚቀር አለ። ሲያድግ ቱቦው ይፈነዳል። ወልድያ ሆስፒታል ትሂድ።"

"ከማህፀን ውጪ? እስቲ እጅህን አምጣ።" እጁን ይዤ ከአጥንቱ በላይ አስቀመጥኩት። "ይህ ምንድነው?"

ዳሰሰ። ቆየ። "ማህፀን ነው።"

"ባዶ ነው?"

"ባዶስ አይደለም። አድጓል።"

"ታዲያ ልጁ እዚህ ከሆነ እዚያ ምን ይሠራል? ሁለት ቤት ይዟል?"

በር ላይ የቆሙት ተራ ጠባቂዎች ሳቁ። አረጋ አፈረ። "ልክ ነዎት እማማ። ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ካለ ውጪ ሊሆን አይችልም። አሜባ ይሆናል።" ክኒን ሰጣት።

የተማሩትም እጄን አመኑ። ስንመለስ ከኋላዬ እየቀረች "ትንሽ ቀስ ይበሉ እማማ" ትለኝ ነበር። እኔ እግሬ ቀሎኝ ነበር።

ሐምሌ 9

ክኒኑ ምንም አላደረገላትም። ቅቤ አቅልጬ አሸኋት። ቋጠሮው ላይ ስደርስ ጠበቅ አደረግሁ። "በቃ እማማ፣ በቃ" አለች። ሁሉም በቃ ይላሉ። አልተውኩም። ድንገት ከጣቴ ሥር ላላ፤ ጠፋ።

"ለቀቀኝ" አለች። ላቧ ደርቆ እንቅልፍ ወሰዳት። እጄ ፈታው።

ሐምሌ 10

ወደቀች። ከመደቡ ስትነሳ። ከንፈሯ ነጭ። ትከሻዬን ትላለች። ሆዷን ሳይሆን ትከሻዋን። ትከሻ ምን አገባው? እጇ በረዶ። ደም የለም፤ ልብሷን ገልጬ አየሁ፣ ደግሜ አየሁ፣ ጠብታ የለም።

ሰው ጠርቻለሁ። ቃሬዛ እየሠሩ ነው።

ሐምሌ 12፣ ወልድያ

አልሞተችም። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ። አልሞተችም።

አሁን በተራ ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት አእምሮዬ አይመለስልኝም።

በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረስናት። አረጋ የዓይኗን ቆብ ገልብጦ እንዳየ "ውስጧ እየደማ ነው! ትከሻዋን ያመማት ለዚያ ነው!" ብሎ ጮኸ። ጉልኮስ ሰካላት። ደጁ ላይ እህል ያራገፈ የዕርዳታ መኪና ቆሞ ነበር። ሹፌሩ መሐመድ የሚባል የመርሳ ሰው ነው። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ትቀራላችሁ ሲሉት፣ "ነገ አላህ ፊት ጭቃ ነበር ልል ነው? ጫኑ!" አለ። ባዶ ጆንያ አነጠፍንላት። አረጋ አብሮን ወጣ። ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ክንዴ የራሴ እስከማይመስለኝ ድረስ።

መሐመድ በየመታጠፊያው በመስኮት ወደ ኋላ ይጣራል። "አብሽሩ እማማ! ደርሰናል!" አልደረስንም። እሷ ትከሻዬን፣ ትከሻዬን ትላለች። ከዚያ ዝም አለች። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ዝም የምትል ሴት አልነበረችም።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ዶክተር ከፋለ የሚባል ቀጭን ሰው ተቀበለን። ምንም ሳይል ሆዷ ላይ መርፌ ሰደደና ደም ቀዳ። ብልቃጥ ውስጥ አድርጎ ጠበቀ። አዘነበለው። ፈሰሰ እንጂ አልረጋም።

"ይህ ከደም ሥር የተቀዳ ቢሆን ይረጋ ነበር" አለኝ። "ሆዷ ውስጥ ፈሶ የቆየ ነው። ፅንሱ ከማህፀን ውጪ ነበር፤ ፈንድቷል።"

"አይደለም" አልኩ። እዚያም ሆኜ፣ እሷ እንደዚያ ነጥታ ተኝታ፣ አይደለም አልኩ። "ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ነው። እኔ አዋላጅ ነኝ፣ ዳስሼዋለሁ። ቦታው ላይ ነው።"

"እናቴ፣ ስትተርፍ እንከራከራለን" ብሎኝ ገባ።

ደም የሚሰጣት ጠፋ። የኔን መርምረው አይሆንም አሉ፤ አረጋንም ዓይነቱ አይገጥምም አሉት። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ነርሷ ባትነግረኝ አላምንም ነበር። ከሆዷ የፈሰሰውን የራሷን ደም ቀድተው፣ በሻሽ አጥልለው፣ ጠርሙስ ውስጥ ጨምረው፣ መልሰው በክንዷ ሰጧት። እኛ የፈሰሰ ደም አፈር አልብሰን የምናልፍ ሰዎች ነን። እነሱ ለባለቤቷ መለሱላት፤ በዚያ ተረፈች።

ዶክተሩ ሲወጣ ፊቱ ሌላ ሆኗል። መጥቶ ከጎኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

"እናቴ፣ ልክ ነበሩ።"

ቀና ብዬ አየሁት።

"እኔም ልክ ነበርኩ። በቀኝ በኩል ያለው ቱቦ ተቀዷል፤ ፅንስ ነበረበት። ቱቦውን ቆርጬ አወጣሁት። ልዘጋ ስል ማህፀኗን አየሁት። አድጓል፣ ለስልሷል። ውስጡ ሌላ ፅንስ አለ። መጽሐፍ ላይ አንብቤው ነበር እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም።"

"መንታ ማለትዎ ነው?"

"መንታ ነበሩ። አንዱ ቤቱ ገባ፣ አንዱ መንገድ ላይ ቀረ።"

ረዳቱ ማህፀኑንም እንጥረገው፣ ቢወርድ ደግሞ ትደማለች ብሎት ነበር አሉ። እሱ አልነካውም ብሏል። "ግን ተስፋ አልሰጥዎትም" አለኝ። "ይህን ያህል ደም ፈሷት፣ ሆዷ ተከፍቶ፣ ይቆይ አይቆይ እኔም አላውቅም። እንጠብቃለን።"

ልክ ነበሩ ያለኝ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ልክ ሆኜ ልገድ

ልትሞት ነበር። እንዲህ ነው መጻፍ ያለብኝ። ልትሞት ነበር።

ሐምሌ 14

ነቅታለች። ውሃ ጠጣች። መንታ እንደነበሩ ነገሯት፤ "የቱ ነው የቀረው?" አለች።

ዶክተሩ ጠዋት ሲዞር እኔ እግሯ ሥር ነበርኩ። "ከመውደቅሽ በፊት ሆድሽን ያሸሽ ሰው ነበር?" አላት።

አየችኝ። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞረች።

"ኧረ የለም ዶክተር።"

"መትቶሽስ? አዳልጦሽ?"

"ውሃ ስቀዳ አዳልጦኝ ነበር።"

አላዳለጣትም። ለምን እንዲህ እንዳለች አላውቅም። እኔን አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። የሚደበቅ ሥራ የለኝም። ቅቤ ነው። ሁሉም አዋላጅ በቅቤ ያሻል። እናቴም በቅቤ ታሽ ነበር።

ሐምሌ 15

አረጋ ሊመለስ መጥቶ ተሰናበተኝ።

"እማማ፣ ያን ዕለት ወልድያ ትሂድ ብዬ ነበር።"

"ብለህ ነበር።"

"ከዚያ ተውኩት።"

"ተውከው።"

በኮሪደሩ ሲሄድ መዳፉን ገልብጦ ያይ ነበር።

ሐምሌ 19፣ ገብርኤል

ደም። አንሶላው ላይ፣ የጥፍር ያህል። ነርሷ ሮጠች። ዶክተሩ መጣ፤ ዝም ብላ ትተኛ አለ።

"መድኃኒት የለውም?" አልኩት።

"መድኃኒቱ አለመነካካት ነው።"

እኔን እያየ ይሁን አይሁን እንጃ። ለገብርኤል ተሳልኩ። ከዚህ በፊት የተሳልኩትን አልሰማኝም ነበር፤ አሁንም ተሳልኩ።

ሐምሌ 20

ቆሟል። ሌላ ደም የለም።

ሐምሌ 26

ቤታችን ገባን። ሸክም የለም፣ ማሸት የለም፣ ደም ካየች ወዲያው ጤና ጣቢያ፤ ስትወልድም ሆስፒታል። ይህን ሁሉ ዶክተሩ የነገረው ለእሷ ነው። እኔ አጠገቧ እንደሌለሁ ሁሉ።

ጎረቤቴ ማሚቱ እግዜር ይማርሽ ልትል መጣች። ስሸኛት ደጅ ላይ ቆመች።

"አንቺ አዛለች፣ ሰው የሚለውን ሰማሽ? የሻው የመጣው አንዴ፣ ፅንሱ ሁለት። ሁለተኛው የማን ነው እያሉ ነው።"

"ልጄ ሳምንት ሙሉ እዚህ ቤት ሲከርም ምን ይሠራ የነበረ መሰለሽ? ጣሪያ ሲከድን?"

"ኧረ በማርያም! እኔ ሰው ያለውን ነው!"

"እንግዲያው ለሰው ንገሪልኝ። ያንቺ ፍየል አምና መንታ ስትወልድ ማንን ጠርተሽ ጠየቅሽ?"

እያማተበች ሄደች። ስገባ የልጄ ሚስት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትንቀጠቀጣለች። የምታለቅስ መስሎኝ ጠጋ አልኩ። እየሳቀች ነው፤ ስፌቷን በሁለት እጇ ደግፋ።

"እማማ፣ አያስቁኝ፣ ይቀደዳል!"

አልጣሽ ትባላለች። እዚህ ደብተር ላይ ስሟን እስከ ዛሬ እንዳልጻፍኩት አሁን አየሁ።

ነሐሴ 3

ፍልሰታ ገብቷል። የንስሐ አባቷ እንዳትጾም ፈቀዱላት። ውሃውን የምቀዳው እኔ ነኝ። እንስራው እንዲህ ይከብድ ኖሯል? ከምንጩ ስመለስ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። እሷ አንድም ቀን ከበደኝ ብላ አታውቅም፤ ወይም ብላ አልሰማኋትም።

ስፌትሽን ልጠብልሽ አልኳት። "ራሴ እችላለሁ እማማ" አለች። በትህትና ነው ያለችኝ። አጎንብሼ የወደቀ ነጠላዋን ሳነሳ እጇ ሄዶ ሆዷን ሸፈነ። አስባበት አይደለም። እጇ ከእሷ ቀድሞ ነው የሄደው።

ነሐሴ 13፣ ቡሄ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ኩራዙን አበራሁ።

ልጆቹ ሲጨፍሩ ውለው ሄደዋል። አልጣሽ ከመደቡ ወዲያ ተኝታለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ፅንሱ ይኑር አይኑር አላውቅም። ማህፀን ውስጥ ሞቶ ዝም ብሎ የሚቆይ አለ። አይቻለሁ። ደም ሳያሳይ፣ ሳያም፣ ዝም ብሎ። አረጋ ያችን ማዳመጫ ቀንዱን ሆዷ ላይ አድርጎ ሞከረ፤ "ገና ነው እማማ፣ ልቡ የሚሰማበት ጊዜ አልደረሰም" አለ። ገና ይሁን ወይ የለም ይሁን በምን ያውቃል?

እኔ አውቃለሁ። እጄን አንድ ጊዜ ባሳርፍ አውቃለሁ። አድጎ እምብርቷ ሥር ደርሶ እንደሆነ፣ ወይ እዚያው ብርቱካኑ ላይ ቆሞ እንደሆነ። በዚህ አገር ይህን ከኔ የተሻለ የሚለይ የለም። ተኝታለች፤ ነጠላው ቀጭን ነው። ተነስቼ አጠገቧ ድረስ ሄጄ ነበር። ቆምኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

የሰሜኑ ጦርነት ከፍቷል ይላሉ። የማነበው የወታደር ወረቀት በዛ፤ ዛሬም ለሁለት ሴቶች አነበብኩ። የሻው አልጻፈም። በዚያች ሆድ ውስጥ ያለው ብቻ

ፈታሁት ብዬ ነበር። ሐምሌ 9 ቀን፣ እዚህ ላይ፣ በራሴ ጽሕፈት። ገጹን ልቀደው አልኩና ተውኩት። ምን አጠፋሁና እቀዳለሁ?

ነሐሴ 27

ፈንታው እየሮጠ መጣ። ሚስቱ ሦስተኛ ወሯ ነው፤ ግራ ጎኗን ያማታል። ቦርሳዬን ይዤ ሄድኩ። አልጣሽም ቀስ እያለች ተከተለችኝ፤ ተመለሺ ብላት አልሰማም አለች።

ዳሰስኩ። በጣቴ ጫፍ ብቻ። ማህፀኗ አለ፣ አድጓል።

"ቦታው ላይ ነው" አልኳቸው።

ፈንታው "ተመስገን!" ብሎ ሊቀመጥ ሲል፣ "ምን ያስቀምጥሃል? ቃሬዛ አምጣ" አልኩት።

"ቦታው ላይ ነው አላሉም?"

"አልኩ። ጤና ጣቢያ ውሰዷት አልኩህ። አረጋ ካቅማማ እኔ ልኬያታለሁ በለው፤ ወልድያ ድረስ ትሂድ።"

"ምጥ የሌላት ሴት በዚህ ጭቃ!" አለች እናቱ። "እንዴ፣ አዛለች ጃጀች?"

"ጃጅቻለሁ። ተሸከሙ!"

እንዲህ ጮኼ አላውቅም። ተሸከሙ። አመሻሽ ላይ መለሷት፤ ጎኗን ያመማት ኩላሊቷ ነው ተባለ፤ መድኃኒት ተሰጣት። አሁን ሰፈሩ ሁሉ ይስቅብኛል፤ አዛለች ደህና ሴት በቃሬዛ አስጫነች እያለ። ይሳቅ።

አልጣሽ ስንመለስ ከጎኔ ነበር የምትሄደው፤ ከኋላዬ አይደለም። እኔ ቀስ ብዬ ነበር።

ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል

ዛሬ ዘነበ። ቅዱስ ሩፋኤል የምጥ ቀን ደራሽ ነው፤ ዝናቡም የተባረከ ነው። ሴቱ ሕፃኑ ደጅ ወጥቶ ይበሰብሳል። ማሚቱም ከነኩርፊያዋ ወጥታ ፊቷን ወደ ሰማይ ሰጥታ ቆማለች። እኔ ጋን ደጅ አውጥቼ ለጣሪያው ውሃ ስደቅን፣ አልጣሽ ጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆማ ነበር፤ ዝናቡ እግሯን ብቻ እየነካት። ድንገት ደርቃ ቀረች።

"እማማ!"

ጋኑን ለቀቅሁት። "ምነው? ደም ነው? አመመሽ?"

"አይደለም። እጅዎን።"

አልገባኝም። "እጅዎን ይስጡኝ" አለች። በቀሚሴ ልጠርገው ስል እንደረጠበ ያዘችው። ወስዳ ሆዷ ላይ አኖረችው፤ በልብሷ ላይ፣ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ።

ምንም የለም። የሷ ትንፋሽ ብቻ። ምንም የለም።

ከዚያ ከውስጥ ነካኝ። አንዴ። እንደ ጣት።

አልጣሽ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። "ቦታው ላይ ነው እማማ?"

"እኔ እንጃ ልጄ" አልኳት። "አንቺ ንገሪኝ።"

ሳቀች፤ አፏን ሳትሸፍን። ዝናቡ ክንዳችን ላይ ይወርዳል። እጄን አልለቀቀችውም፣ እኔም አላነሳሁትም።

ሆዷን አልተጫንኩትም።